ጀሶ ይሻላል ወረቀት?

እኔ ሰው ቤት ስገባ ግድግዳ አላይም። ሌላው ሰው ግን እንደኔ አይደለም። የድሬ ሰው በተለይ ጫማውን በር ላይ አውልቆ፣ "አሰላሙ አለይኩም" ብሎ፣ ገና ሳይቀመጥ ዓይኑ ግድግዳ ለግድግዳ ይዞራል። ምን ያድርግ? ከሰዓት በኋላውን ሙሉ የሚደገፈው እሱን ነው። ሌላ አገር ሰው ቤት የሚሠራው ጣሪያ ፈልጎ ነው ይባላል። እኛ ቤት የምንሠራው ጀርባችንን የምናስደግፍበት ብናጣ ነው።

የኔ ግድግዳ ግን የሚደገፉት ዓይነት አልነበረም። ደጋፊ የሚፈልገው እሱ ነበር። ቤቴ ከደቻቱ አፋፍ ብዙ አይርቅም። ወንዙ ዓመቱን ሙሉ አሸዋ ብቻ ሆኖ ፍየል ይመላለስበታል፤ ከዚያ አንድ ቀን ተራራው ላይ የዘነበው ይወርድና ወንዝ መሆኑን አስታውሶን ይሄዳል። ውሃው ቤቴ ባይገባም እርጥበቱ ከሥር ይገባል። አሮጌ የድንጋይና የጭቃ ቤት ስለሆነ እርጥበቱን እንደ ፋኖስ ክር ይስበዋል። ከዚያ ጨው ያወጣል፣ ያብጣል፣ ይፈረፈራል። ሳሎኔ የተቀመጠ እንግዳ ሲነሳ ትከሻው ላይ ኖራ ይዞ ይሄዳል። ለዓመታት እንዲህ ኖርን፤ አንድም ሰው አልሞተም።

ነገር የመጣው ልጄን ሊጠይቁ ሽማግሌዎች እንደሚመጡ ሲላክብኝ ነው። ልጄ ሒክማ አንዲት ናት። ሌላ የለኝም። የጠያቂው ቤተሰብ ከዚራ ሰፈር ውስጥ፣ ዛፍ ከላይ በገጠመበት መንገድ፣ ጣሪያው ከፍ ያለ በረንዳው የሰፋ የባቡር ዘመን ቪላ ውስጥ ነው የሚኖረው። ልጁ መጥፎ ነው ማለት አልችልም። ጉድለት ፈልጌለት አጣሁ፤ ይህም አናደደኝ። እናቷ ሒክማን "ምን ትያለሽ?" ብትላት መሬት መሬት እያየች "እናንተ እንዳላችሁ" አለች። እኔ ያልኩት ደግሞ "ገና ነው" ነው።

አትፍረዱብኝ። እኔ ፊደል የቆጠርኩት ጢሜ ሽበት ከጀመረው በኋላ ነው፤ ያስቆጠረችኝም እሷ ናት። አንደኛ ክፍል ሳለች ከትምህርት ቤት ስትመለስ፣ ከመልካ ጀብዱ ያመጣሁት ሽንኩርት ጆንያ ላይ ታስቀምጠኝና "አባዬ፣ ይህን ድገም" ትለኛለች። ስሳሳት ጆሮዬን ትቆነጥጣለች። ሌላ ሰው ቢሆን ጆንያውን ተሸክሜ እላዩ ላይ ነበር የምጥለው። እንዲህ ያለችን ልጅ፣ ሦስት ሽማግሌ መጥቶ ጉሮሮውን ስለጠረገ ብቻ አንስቼ አልሰጥም።

ደግሞ ወጉም ከኔ ጋር ነው። ልጅ በመጀመሪያው ቀን አትሰጥም። ሽማግሌ ሲመጣ አባት ይኮሳተራል፣ "ዘመድ ላማክር" ይላል፣ ቀጠሮ ይሰጣል። በቀጠሮው ሲመጡ ዘመዱ ሐረር ሄዷል። ተመልሰው ሲመጡ ዘመዱ ታሟል። ስንት ጊዜ ይመላለሳሉ የሚለው እንደ አባቱ ጥንካሬ ነው። የኔ ሐሳብ የዘመዶቼን ሕመም እስከ መጪው ረመዳን ማድረስ ነበር።

ታዲያ ግድግዳው ምን አገባው? ያገባዋል እንጂ። የሚፈራርስ ግድግዳ ተደግፎ "አይሆንም" የሚልን አባት፣ ሰው የሚሰማው "ጥሎሽ ጨምሩ" ያለ መስሎት ነው። ግድግዳው የተስተካከለ አባት እምቢ ካለ ግን እምቢታው እምቢታ ነው። ስለዚህ ሽማግሌዎቹ ከመድረሳቸው በፊት፣ ቢያንስ የሚቀመጡበት መጅሊስ በላይ ያለው ግድግዳ መዳን ነበረበት።

ግንበኛ ለምን አልጠራህም የሚል አይጠፋም። ጠርቻለሁ። በሰፈራችን አንድ ልስን የሚሠራ ሰው አለ። ያንድ ጎረቤት አጥር ሲለስን በዚያ ሳልፍ "ይህን የሠራኸው በእጅህ ነው በእግርህ?" ብዬው ነበር። ጥያቄ ነው እንጂ ስድብ አይደለም። እሱ ግን ቂም ይዞ ኖሯል። ሳስጠራው "እግሬን አሞኛል በሉት" ብሎ ላከብኝ።

ራሴ እሠራዋለሁ አልኩ። ይሄኔ ነው አገር የተከፈለው።

ባለቤቴ ዘሃራ ወረቀት አለች። እንደ ዘመኑ "ዎልፔፐር" ነው የምትለው።

"የጎረቤታችንን የአሚናን ሳሎን አይተኸዋል? ሆቴል ነው የሚመስለው።"

"ሆቴል ሰው አድሮ የሚሄድበት ነው" አልኳት።

"አንተ ቤትማ ማን ያድራል አቦ! በፊትህ ብቻ ታባርራለህ።"

ጋሼ ተካ ደግሞ ጀሶ አሉ። ጋሼ ተካ የባቡር ጡረተኛ ናቸው፤ ጎረቤቴ ናቸው። ሥራ ባለበት ሁሉ ወንበር ይዘው ይመጣሉ።

"ወረቀት ለደብተር ነው" አሉኝ። "ግድግዳ ጀሶ ይፈልጋል። ፈረንጆቹ ጣቢያው ላይ ሲለስኑ አይቻለሁ።"

"አይተዋል ወይስ ሠርተዋል?"

"ማየትም ሥራ ነው፣ ልጄ።"

ሁለቱም እቃ ያለው አብዲ ሱቅ ነው። አብዲ ሱማሌ ነው፤ ደንበኛ ፊት ዋሽቶ አያውቅም፣ ምክንያቱም የምትፈልገውን እስክትነግረው ድረስ አይናገርም። እስኪ እሱ ይፍረድ ብዬ ሄድኩ።

"ወርያ! ዋላል!" አለኝ ገና ከሩቅ፤ ወንድሜ ማለቱ ነው። "ምን ልስጥህ?"

"ምክር ስጠኝ። ለግድግዳ ጀሶ ይሻላል ወረቀት?"

አሰበ። ጀሶውን አየ፣ ወረቀቱን አየ፣ እኔን አየ።

"ወላሂ ጀሶም ጥሩ ነው፣ ወረቀትም ጥሩ ነው" አለ። "መጥፎው ባዶ እጅ መመለስ ነው።"

እኔ ምክር የምሰማው መካሪው ሚስቴ ካልሆነች ነው። ስለዚህ ጀሶ ይዤ ተመለስኩ።

በመጀመሪያ አሮጌው ይፋቅ ተባለ። ፋቅኩ። አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ አሮጌ ግድግዳ እንደ አሮጌ ቂም ነው፤ መነካካት ከጀመሩት ማቆሚያ የለውም። ኖራውን ስፍቅ ጭቃው መጣ፣ ጭቃውን ስፍቅ ጠጠሩ መጣ። ትንሽ ብቀጥል ከወዲያ በኩል ካለው ጎረቤት ጋር ሰላም እንባባል ነበር።

ከዚያ ጀሶውን አቦካሁ። ሥራ በከፊል አልወድም፤ ከረጢቱን ሙሉውን የዘሃራ ሳፋ ውስጥ ገለበጥኩት፣ ውሃ ደፋሁበት፣ አማሰልኩ። ጋሼ ተካ ወንበራቸው ላይ ሆነው "ቶሎ በል!" ይላሉ። ወደ ግድግዳው ዞር ብዬ፣ የት ልጀምር ብዬ አሰብኩና ወደ ሳፋው ተመለስኩ። ጀሶው ጠብቆኝ አልቆየም። ያማሰልኩበት ስፓቱላ ሳፋው መሃል እንደ ሐውልት ቆሟል። ብስበው ሳፋው አብሮ ተነሳ። በድሬ ሙቀት ከሰዓት በኋላ ሰው ሁሉ ይተኛል፣ ሱቁም ይዘጋል፤ ጀሶ ብቻ አያርፍም።

"ሳፋዬ!" አለች ዘሃራ።

"ውሃው ሞቆ ነው" አሉ ጋሼ ተካ፣ የጠየቃቸው ሳይኖር። "በቀዝቃዛ ነው የሚቦካ። በበረዶ አድርገው።"

አብዲ ዘንድ ሄጄ ሌላ ጀሶ፣ ለመጠጥ የሚሸጠውን በረዶና አዲስ ሳፋ አመጣሁ። አብዲ አንዳች አልጠየቀኝም። እንደኔ ያለ ደንበኛ አላህ እንዲያበዛለት ከንፈሩን ሲያንቀሳቅስ ግን አይቻለሁ።

በበረዶ የቦካው ጀሶ በእርግጥ አልጠጠረም። ግድግዳው ላይ ግን መቆየትም አልፈለገም። ወደ ላይ ስለቀልቀው ወደ ታች ይወርዳል፤ በክንዴ በኩል ብብቴ ይገባል። እጄ ቀዘቀዘ፣ ድሬ ውስጥ እጁ በብርድ የደነዘዘ የመጀመሪያው ሰው እኔ ሳልሆን አልቀርም። ቢሆንም እልኸኛ ነኝ፤ ሲወርድ እየመለስኩ፣ ስመልሰው እየወረደ፣ እንደ ምንም ግድግዳው ተሸፈነ።

ዘሃራ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ አየችው። "ይህ የግመል ጎን ነው" አለች።

"ሲደርቅ ይስተካከላል" አሉ ጋሼ ተካ።

እኔ በዕድሜዬ ሲደርቅ የተስተካከለ ነገር አላየሁም። ሽንኩርት ሲደርቅ ይጨማደዳል፤ ሰውም እንደዚያው ነው። ይሄኛው ግን መጨማደዱስ ይቅርና መድረቁንም እምቢ አለ። ከሥር የደቻቱ እርጥበት፣ ከላይ የአብዲ በረዶ። በማግሥቱ ብነካው ጣቴ ገባ። በሌላውም ቀን ብነካው ገባ። ጋሼ ተካም እየመጡ በጣታቸው ስለሚወጉት ግድግዳው ወንፊት ሆነ።

የሽማግሌዎቹ መምጫ ነገ ሆነ። ዘሃራ ዝም ብላ ብቻ ቁርስ አቀረበች። ከሃያ ዓመት በላይ አብራ የኖረች ሚስት ዝምታ ምን ያህል እንደሚጮኽ የምታውቁ ታውቃላችሁ። ተነሥቼ አብዲ ሱቅ ሄድኩ።

"ወረቀት" አልኩት።

"አውቅ ነበር" አለኝ።

አበባ ያለበት አልቆበታል። የቀረው በድንጋይ ግንብ ምስል የታተመ ነው። እስኪ አስቡት፤ የድንጋይ ግድግዳ ያለው ሰው፣ ድንጋዩን በጀሶ ደብቆ፣ ጀሶውን በድንጋይ ፎቶ ሊሸፍን ነው። ያበደ ሰው እንኳ ከዚህ የተሻለ ምክንያት አለው።

ፊደል ዘግይቶ የተማረ ሰው ጽሑፍ አይቶ ማለፍ አይችልም። እኔ የሳሙና መጠቅለያ ሳይቀር አነባለሁ። ጥቅሉን አገላብጬ ብፈልግ የማውቀው ፊደል የለበትም። አንዲት ሴት ብቻ ተስላለች፤ ነጭ ሱሪ ለብሳ፣ ብቻዋን፣ እየሳቀች ወረቀት ትለጥፋለች። ያቺን ሴት አንድ ቀን ባገኛት የምጠይቃት ብዙ ነው።

ወረቀቱ ከጀርባው ሙጫ አለው። ልባሱን ሲልጡት የነካውን ሁሉ ይይዛል። መጀመሪያ የያዘው ጢሜን ነው።

"ወደ ላይ ያዝ!" ትለኛለች ዘሃራ።

"ወደ ላይ ነው የያዝኩት!"

"ወደኔ ላይ!"

"ያንቺ ላይ የኔ ታች ነው!"

"ወደ ግራ" አሉ ጋሼ ተካ ከበሩ።

ወደ ግራ ሳዘነብል ከጣሪያው የተንጠለጠለው ቬንትሌተር የወረቀቱን ጫፍ ነጠቀኝ። ወረቀቱ ሳሎኑን ሁለቴ ዞሮ ጋሼ ተካ ላይ አረፈ። እሳቸውም ሳያስቡት የመጀመሪያ ሥራቸውን ሠሩ፤ እስክንልጣቸው ድረስ አጥብቀው ያዙልን።

ግን መዋሸት አልችልም፤ ሲያልቅ አማረ። ጀሶው የተጎራበጠበት ቦታ ሁሉ ድንጋዩን የእውነት ድንጋይ አስመሰለው። ያን ሁሉ ጉብታ ሆን ብዬ ያዘጋጀሁት እስኪመስለኝ ኮራሁ። ሒክማ ከሥራ ስትገባ ቆማ አየችው፣ በመዳፏ ዳሰሰችው።

"አባዬ፣ ድንጋይ ላይ የድንጋይ ፎቶ ለጠፍክ?" አለችና ሳቀች። ከዚያ ፊቷን ከግድግዳው ሳትመልስ "ነገ ምን ትላቸዋለህ?" አለችኝ።

"ዘመድ ላማክር እላለሁ።"

"እሺ" ብላ ወደ ጓዳ ገባች። እሺዋ አጭር ነበረች። እኔ ግን ግድግዳዬን እያየሁ ስለነበር ልብ አላልኩም።

በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ፣ የዐስር ሰላት እንዳለቀ ሽማግሌዎቹ መጡ። ሦስት ናቸው፤ ዋናው ሐጂ ሙሜ ናቸው፣ ጢማቸው ደረታቸው ላይ የደረሰ፣ ቃላቸው የሚከበር ሰው። መጅሊሱ ላይ ተደርድረው ጀርባቸውን ግድግዳው ላይ አሳረፉ። ሐጂ ግድግዳውን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉት።

"ማሻአላህ" አሉ። "የቀድሞ ሰው ድንጋይ ነው። ዛሬ እንዲህ አድርጎ የሚጠርብ የት ይገኛል?"

"የለም" አልኳቸው። ድንጋዩ ተጠቅልሎ በባጃጅ መምጣቱን አልነገርኳቸውም። ወገቤ ቀና አለ። ያን ጊዜ እምቢ ብላቸው ከተማው ሁሉ ይሰማ ነበር።

ከዚያ መብራት ሄደ።

መብራት መሄዱ አዲስ ነገር አይደለም። ቬንትሌተሩ ቆመ። ድሬ ውስጥ ቬንትሌተር የቆመበት ሳሎን ምን እንደሚሆን ለድሬ ሰው አልነግርም፤ ለሌላው ደግሞ ብነግረው አያምነኝም። ሽማግሌዎቹ ላባቸውን ጠረጉ። እኔ ላቤን ጠረግሁ። ከወረቀቱ በስተጀርባ ያለው ጀሶም አላበው፤ ላቡን የሚጠርግለት ግን አልነበረም።

ሐጂ ሙሜ የመጡበትን ሊናገሩ፣ በዱዓ እንክፈተው አሉ። እጃችንን ዘረጋን፣ ዓይናችንን ጨፈንን። ሐጂ ዱዓ ሲያደርጉ የሚዘሉት የለም። ለከተማው፣ ለዝናቡ፣ ለታመመው፣ መንገድ ላይ ላለው። "አሚን" እንላለን። ለነጋዴው ሲደርሱ "ጠጥ" የሚል ድምፅ ሰማሁ። አንድ ዓይኔን ከፈትኩ።

ከላይ በኩል፣ ከጣሪያው ሥር፣ የግድግዳዬ ጫፍ ወደ ፊት ጎንበስ ብሏል።

ምን ልበል? ዱዓ አይቋረጥም። እጄ እንደተዘረጋ፣ አንድ ዓይኔ እንደተጨፈነ፣ ወረቀቱ ጀሶውን አዝሎ ቀስ እያለ ሲመጣ አየዋለሁ። ሽማግሌዎቹን ለማንቃት ብዬ "አሚን!" ብዬ ጮኽኩ። ሐጂ ደስ አላቸው። እንዲህ ከልቡ የሚል ሰው ሲያገኙ ዱዓውን ጨመሩበት። የሙታን ዱዓ ውስጥ ገቡ። "አሚን!" አልኩ፣ አሁን ለራሴም ጭምር። የበለጠ አረዘሙት።

ወደቀ። አልተንኮታኮተም፤ እንደ ብርድ ልብስ ነው የወረደው፣ በዝግታ፣ ሙሉውን፣ እርጥብ ጀሶውን ይዞ። ሦስቱም ሽማግሌዎች ከሥሩ ቀሩ። መጅሊሱ ላይ ሦስት ጉብታ ያለው የድንጋይ ግንብ ብቻ ይታያል። ከግንቡ ውስጥ አንድ ድምፅ "አሚን" አለ። ዱዓው በዚህ ተፈጸመ።

ከዚያ ከመካከለኛው ጉብታ የሐጂ ድምፅ መጣ።

"ሰውዬ፣ ልጅቷን ትሰጠናለህ ወይስ ትከፍነናለህ?"

ተዘጋጅቼበት ነበር እኮ! ዘመድ ላማክር የሚለውን፣ የአያቶቼን ስም ሳይቀር በቃሌ ይዤ ነበር። ዱካው ጠፋብኝ። ሐፍረት ከሆድ ሲነሳ ምላስ ላይ ያለውን ሁሉ ጠርጎ ነው የሚወጣ።

"ሰጥቻለሁ!" አልኩ። "ሰጥቻለሁ! ውሰዷት! ብቻ ከሥሩ ይውጡልኝ!"

"ሰማችሁ?" አሉ ሐጂ ከውስጥ።

"ሰምተናል" አሉ ከግራና ከቀኝ ያሉት ጉብታዎች።

ምስክር ሞላ። ልጄን በመጀመሪያው ቀን፣ ላልተገለጠ ሽማግሌ ሰጠኋት።

ይሄኔ ነው እልልታው የተሰማው። ረጅም፣ ጠንካራ፣ ጣሪያውን የሚያልፍ እልልታ። ዘሃራ ናት ብዬ በንዴት ዞርኩ። ዘሃራ ግን መጋረጃው አጠገብ የውሃ ትሪ በሁለት እጇ ይዛ፣ አፏን ከፍታ፣ እንደ ደነገጠች ቆማለች። ትንፋሽ እንኳ አልወጣትም። እልልታው የመጣው ከጓዳ ነው።

ሽማግሌዎቹን ገለጥናቸው። ሐጂ ሙሜ ጢማቸው ቀድሞም ነጭ ስለነበር ብዙ አልተለወጡም። ከትከሻቸው ጀሶ እያራገፉ ዞረው ራቁቱን የቀረውን ግድግዳ፣ ጭቃውንና ጠጠሩን አዩት።

"ይህን ነው የደበቅከን?" አሉኝ። "ልጁ ቤት፣ ቪላው ሳሎን ውስጥ አንድ ትልቅ ቁም ሳጥን አለ። ከቆመበት ተነሥቶ አያውቅም። ለምን ይመስልሃል?"

ሽማግሌዎቹ እየተሳሳቁ ውሃቸውን ጠጥተው፣ ቀን ቆርጠው፣ ሄዱ። እኔ ግን በቀጥታ ወደ ጓዳ ገባሁ። አባት ነኝ። የምትጠየቅ ልጅ ለራሷ እልል ስትል በየትኛው አገር ተሰምቷል? ልቆጣ ነበር የገባሁት።

ሒክማ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ሻሿን አፏ ውስጥ ጎስጉሳለች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። የምታለቅስ መስሎኝ ቁጣው ጠፋኝ። ዞር ስትል ግን በሳቅ እንባዋ ይወርዳል።

"አንቺ ልጅ" አልኳት፣ "ቢያንስ ሽማግሌዎቹ እስኪገለጡ መታገሥ ያቅትሻል?"

እጇን ዘርግታ ከጢሜ ላይ አንድ የወረቀት ብጣሽ ላጠችልኝ።

"ሐሳብህን ሳትቀይር ብዬ ነው፣ አባዬ።"